ወደ አጋሮ ለሽምግልና የሄደው ባለ ቡሽ ወይን

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዲስ አበባ

የተነሣሁት ለእህቴ ልጅ ለዳዊት ሚስት ልጠይቅለት ነው። ዳዊት ጅማ ኮሌጅ ያስተምራል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የቀረሁት አጎቱ እኔ ነኝ። ልጅቷ ሂሩት የአጋሮ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ገብሬ አርባ ዓመት ቡና በመቅመስ ሥራ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ ከዚህ በፊት የሌላ ልጅ ሽማግሌዎችን በመጡበት እግራቸው መልሰዋል ይባላል። እህቴ አስካለ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ "አደራህን፣ እዚያ ሄደህ እንዳትቆጣ" አለችኝ። እኔ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ ብዬ ተቆጣኋት።

ሻንጣዬ ውስጥ በሁለት ሸሚዝ የተጠቀለለ ቀይ ወይን አለ። ሻጩ ለአማት የሚሄድ ወይን ባለ ቡሽ ነው ብሎ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ተቀብሎኛል። የቡሽ መንቀያም ሊሸጥልኝ ነበር። ስጦታን የሚከፍተው ተቀባዩ ነው፣ እኔ ለአንድ ጠርሙስ ብዬ መሣሪያ አልሸከምም አልኩት። ስናገረው በጣም ትክክል መስሎኝ ነበር።

ወደ ጊቤ ስንወርድ ሁላችንም ኮታችንን አወለቅን፤ ዳገቱን ስንወጣ መልሰን ለበስን። አሰንዳቦ ላይ በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ሻንጣዬን አቅፌ መጓዜን አይታ እንቁላል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወይን ነው ማለቱ አሳፍሮኝ አዎ አልኳት። እስከ ሰርቦ ድረስ ስለ እንቁላል መወደድ አወራን።

ጅማ፣ ከቀትር በኋላ

ዳዊት መነኻሪያ ጠብቆ አቮካዶ ጭማቂ ጋበዘኝና ሄርማታ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰደኝ። አከራዩ ሐጂ ከማል ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በወጣትነታቸው ግን አጋሮ ቡና ይነግዱ ነበር። አብረውኝ የሚሸመግሉት እሳቸው ናቸው። ወይኑን ሳሳያቸው ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። እንደማይነኩትም እንደማይሸከሙትም ነገሩኝ። ለልጁ ግን ካንተ ጋር እስከ ዓለም ጫፍ እሄዳለሁ አሉኝ።

እሁድ፣ ወደ አጋሮ

ሚኒባሱ በየቡ በኩል ሲያልፍ ዳርና ዳሩ ቡና ነው፤ ጥላ ዛፍ ሥር የቆመ ቡና፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ቡና። ሙሽራው አብሮ ስለማይገባ ዳዊትን አጋሮ መነኻሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አስቀመጥነው።

አቶ ገብሬ ቤት እንደ ወጉ ቆመን ልጅዎን ለልጃችን ብለን ለመንን። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙንና አስቀመጡን።

"እኔ ሳልቀምስ ተናግሬ አላውቅም" አሉ። "ያመጣችሁትን ክፈቱት። መልሴን ከዚያ በኋላ ትሰማላችሁ።"

ቤቱ ውስጥ ያለው የቢራ መክፈቻ ብቻ ነው። እንግዲህ የልጁ ትዳር ቡሽ ሥር ተቀብሮ ቀረ።

ግቢ ወጥቼ ለዳዊት ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አንሥቶ "እሺ አሉ?" አለኝ።

"ገና ናቸው። ቡሽ በምን ይነቀላል?"

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ጠርሙስን ጫማ ውስጥ ከትቶ ግድግዳ ላይ በመምታት የሚከፍት ሰውዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲዬ ቀዳዳ ወጣ፤ የሂሩት እናት በጨዋነት ፊታቸውን አዞሩ። ሰባት ጊዜ መታሁ። ቡሹ ንቅንቅ አላለም፤ ከአዲሱ ልስን ግን ሳህን የሚያህል ወደቀ።

"ሜ ተው፣ ኦቦ፣ ቤታቸውን አታፍርስባቸው" አሉ ሐጂ ኦሮምኛቸውን ቀላቅለው፣ ከሩቅ ሆነው። ወይኑን መንካት እንጂ ምክር መስጠት ሐራም አይደለም ብለው ወንበራቸውን ወደ ጓሮ አስወጥተው ነበር።

አቶ ገብሬ አላስቻላቸውም። ጆንያ ወግተው የቡና ናሙና የሚያወጡበትን ሹል የብረት ቱቦ ይዘው መጡና ቡሹ መሐል ሰክተው ሳቡት። ቱቦው የቡሽ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። መዳፋቸው ላይ አራግፈው አሸተቱት።

"እርጥበት አለው" አሉ ቆፍጠን ብለው።

በመጨረሻ ሐጂ ያልወጣ ይገባል አሉ። የማማሰያ እጀታ ተሰጠኝና ባለኝ ኃይል ተጫንኩት። ቡሹ አንዴ ገባ፤ ወይኑ አንዴ ወጣ፤ ነጭ ሸሚዜም ነጭ መሆኑ አበቃ። የተረፈውን በሻይ ማጥለያ ወደ ብርጭቆ አጠለልነው።

አቶ ገብሬ ከመሳቢያ የሥራ ማንኪያቸውን አወጡ፤ አንድ ረዘም ያለ ቆርቆሮም አጠገባቸው አኖሩ። ማንኪያውን ነክረው ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ ሳቡት፣ አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያም ቆርቆሮው ውስጥ ተፉት።

ደሜ ፈላ። ከአዲስ አበባ እንደ ሕፃን ታቅፌ ያመጣሁትን ወይን ፊቴ ተፉት! ብድግ ብዬ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መልሱን አይተናል" አልኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ሐጂ የጋቢዬን ጫፍ ያዙ።

"ተቀመጥ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ይህ ሰውዬ የሚወደውንም ቡና ሲተፋ ስንት ዘመን አይቻለሁ። ወላሂ፣ መትፋት ሥራው ነው።"

ተቀመጥኩ። ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። አቶ ገብሬ ማንኪያውን ጠርገው አስቀመጡና ብርጭቆውን ከነፍርፋሪው ሞልተው አነሡ።

"ቅምሻ ላይ አንድ ጉንጭ ውጬ አላውቅም" አሉ። "ይሄን ግን የምጠጣው የሂሩት አባት ሆኜ ነው።"

እስከ አተላው ጠጡት። አፋቸውን ጠርገው "ልጁን የት ነው የተዋችሁት? ጥሩት፣ ምሳ አብሮን ይብላ" አሉ። የሂሩት እናት እልል አሉ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ሸሚዜን የማራገፍ መስዬ አጎነበስኩ። ሐጂ አልሐምዱሊላህ ብለው በሻይ ደስታቸውን ገለጹ።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

እህቴ ገና ከበር ሳልገባ ከመጀመሪያው ንገረኝ አለችኝ። በጫማው ሳቀች፤ በእርጥበቱ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ወደ በሩ የሄድኩበት ላይ ስደርስ ሳቋ ቆመ።

"ሐጂ ባይዙህ ኖሮ፣ ሻይ ቤት ለተቀመጠው ልጄ ምን ትለው ነበር?" አለችኝ።

በጉዞው የተማርኩትን ጻፍ ብባል፣ የሰው ልማድ ሳያውቁ መቆጣት የራስን ልጅ ትዳር ያፈርሳል ብዬ እጽፋለሁ፤ ግን ያን ያህል አሳምሬ ልነግራት አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁና ጅማ ደወልኩ። ሠርጉ ላይ የእኛን ወገን ወክለው የሚናገሩት ሐጂ ከማል እንዲሆኑ ለመንኳቸው።