አረንጓዴው አረቄ

ጥፋቱ የባሌ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ቱቦውን ያመጣልኝ እኔው ነዝንዤው ነው። ያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ አረቄ የምናወጣ ሴቶች ሁላችን የምንጠቀመው በቀርከሃ ቱቦ ነበር፤ ቀርከሃ ደግሞ ይሰነጠቃል። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ባሌ አንድ ቀን ከጫግኒ ሲመለስ የመዳብ ቱቦ ይዞልኝ መጣ። ጎረቤት ሁሉ እንዲያይልኝ ደጅ ላይ ሰቀልኩት። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከረመና፣ በጥቅምት ውስጡን እንኳ ሳላጥበው ገጠምኩት።

የወጣው አረቄ ቅጠል የተጨመቀበት ይመስል ነበር። የአማቴ ዝክር አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ ድፍድፉ አልቋል፤ የድሮው ቀርከሃ ተሰንጥቋል፤ አዲስ የሚገኝበት የእንጅባራ ገበያም ገና አልደረሰም። አንዱን ጠርሙስ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ክሊኒኩ ድሬሰር ሄድኩ።

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ "ቀምሰሻል?" አለኝ።

"አልቀመስኩም።"

"እሰይ። መዳብ ሟሙቶበታል። በዚህ ሆድሽ እንዳትነኪው።"

አምስት ወሬ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

እሱ ግን ድፊው አላለኝም። የክሊኒኩን ዝገታም የጉድጓድ ውሃ የሚያጣራበት ነጣ ያለ ድንጋይ ነበረው፤ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ያስመጣዋል። ወቅጦ፣ አጥቦ፣ በእሳት አድርቆ፣ ሥሩ በተበሳ ጣሳ ይሞላዋል።

"ይህ ድንጋይ ውስጡ በዓይን የማይታይ ጎጆ ብቻ ነው" አለኝ። "መዳቡ እዚያ ገብቶ ይቀራል፤ አረቄው ያልፋል። ጎጆው ሲሞላ ግን መያዙን ያቆማል።"

"መሙላቱን በምን አውቃለሁ?"

"ቢጠራም አትመኚው፤ መርፌ ወልውለሽ ከአረቄው ውስጥ አሳድሪ። ቀይ ከለበሰ መዳብ አለ።"

የሰጠኝን ጣሳ ከነድንጋዩ ይዤ ገብቼ ሦስት ቀን አጣራሁ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞላ፤ ሁሉም እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። በመጀመሪያው ጠርሙስ ያሳደርኩት መርፌ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ እኔም ደስ ብሎኝ የቀሩትን እንዲሁ ደረደርኳቸው። የድሬሰሩ ነገር በደንብ የገባኝ በዝክሩ ዕለት ጠዋት ነው። የሚያስፈራው ለካ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው ጠርሙስ ነው! ድንጋዩ የሚሞላው ወደ መጨረሻው ነዋ። የመጨረሻው የትኛው ነበር? አንድ በአንድ እያነሳሁ አየሁ፤ አሽተትኩ። ሁሉም አንድ ናቸው። መርፌ ማሳደሪያ ጊዜ የለም፤ እንግዶቹ እየገቡ ነው።

የቀዳ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ካልቀመሰ አንድ ነገር ጨምሮበታል ይባላል፤ ምራት ከሆነች ደግሞ ወሬው አይለቃትም። መለኪያውን ሞልቼ ቆምኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው እጄን እጄን ያያል። ብቀምስ ልጄ፣ ብተው ስሜ። መለኪያውን ወደ አፌ አንስቼ መለስኩት።

ይህን ያዩት አማቴ ብድግ አሉ። "ምራቴ ሁለት ነፍስ ናት፤ እኔ እቀምስላታለሁ" ብለው መለኪያውን ተቀበሉኝ።

ከንፈራቸው ሳይደርስ እጃቸውን መታሁ። አረቄው ነጠላቸው ላይ ተደፋ።

"እማማ፣ አይጠጡት!"

አማቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና በሩን ገርበብ አደረጉት። ከቱቦው ጀምሬ ሁሉን ነገርኳቸው። የስድብ መዓት ይወርድብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ካወቅሽው ስንት ቀን ሆነሽ?"

"አራት።"

"ለልጅሽ ፈራሽ። ደግ አደረግሽ።" በበሩ ስንጥቅ ወደ እንግዶቹ አዩ። ባሌ መሃላቸው ተቀምጦ ይስቃል። "ለእኔስ ልጅ?"

አራት ቀን የለፋሁት ለሆዴና ለስሜ ነበር፤ ከውጭ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጉሮሮ እንዳለው አንዴም አላሰብኩም። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

እንግዶቹ ጠላ ጠጥተው ሄዱ። ከጎረቤት መርፌ ለቅሜ በየጠርሙሱ አሳደርኩ። በማግስቱ አንዱም አልቀላም። አሥራ ሁለቱን መርፌዎች በመዳፌ ይዤ ለአማቴ አሳየኋቸው። አንድ በአንድ እያገላበጡ አይተው መለሱልኝ።

"ንጹሕ ነው" አሉ።

ስለ አረቄው ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።