ሙሄዲንና የበጉ ኩላሊት

ስለ ሙሄዲን ልጽፍ ነው። እንዴት እንደሚጀመር በደንብ ስለማላውቅ ከሽታው እጀምራለሁ። የበግ ኩላሊት ሽንት ሽንት ይላል። ደም አለበት፣ ሞራ አለበት፣ ላዩን የሸፈነ ስስ ቆዳም አለው። ያንን በጥፍር ሲልጡት ጣት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እኔ ይህን ስልጥ ከርሜአለሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ አፌን ምራቅ ይሞላዋል።

ሙሄዲን የማዳሜ ሾፌር ነው። የወሎ ሰው ነው፣ ከከሚሴ አካባቢ። ሁለት ጊዜ በየመን በኩል በእግሩ ሳዑዲ ገብቶ ሁለቴም ተይዞ ተመልሷል። ሦስተኛው ግን በቪዛ ነው፣ በአውሮፕላን። "ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ስወርድ ፖሊሱ ሲያየኝ ልሮጥ ነበር" ይላል። "ለካስ ማርሃባ ሊለኝ ኖሯል!" እንዲህ እያለ ያስቀኛል፣ ማሳቁን ይችልበታል። ሙህሲና የምትባል ልጅ አለችው፣ አያቷ ጋ ነው የምታድገው። በሕይወቱ ያገኘው ሕጋዊ ወረቀት ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ብቻ ነው።

ማዳም ዶክተር ናት፣ ግን በሽተኛ አታክምም። ኾበር ከተማ ባለ ላቦራቶሪ ሥጋ ትመረምራለች። የምንኖረው ደማም ከተማ ነው፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር። ጠዋት ጠዋት ሙሄዲን ቄራ ሄዶ ገና የታረደ በግ ኩላሊት በበረዶ ሣጥን ያመጣል። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ቆዳውንና ሞራውን ገፍፌ፣ ለሁለት ሰንጥቄ፣ መልሼ በረዶ ውስጥ እከተዋለሁ። እሱ ማዳምንና ሣጥኑን ይዞ ወደ ኾበር ይነዳል። ማዳም ያዘዘችኝ ይህን ብቻ ነው። ውሃ ንኪው እንኳ አላለችኝም።

"ወለቴ፣ የእስላም ሥጋ እየነካሽ ቤተ ክርስቲያን ያስገቡሻል?" ይለኛል ሣጥኑን ሲያቀብለኝ።

"እዚህ የት አለና ነው የሚያስገቡኝ?"

"አይዞሽ፣ ወላሂ ለማንም አልናገርብሽም!"

ስሜ ወለተጊዮርጊስ ነው። ማዳም ለአፏ አልመች ስላላት ወርዳ ትለኛለች።

መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ደህና ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። ሦስታችንም ጾመኛ ሆንን። በባዶ ሆድ ያን ሽታ አልቻልኩትም። በሁለተኛው ቀን የዕቃ ማጠቢያው ላይ አስታወከኝ፣ የወጣው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ አገሬ ዶሮ ሲሠራ እንደማደርገው አደረግሁ። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ኩላሊቱን አሸሁት። ሥጋ በደንብ ሳታጥብ ድስት የምትከት ሴት እኛ ሰፈር ምን እንደምትባል የሚያውቅ ያውቃል። ሥጋው ነጣ አለ፣ ሽታውም ለቀቀ። ለማዳምም ንጹሕ ነገር የሰጠኋት መስሎኝ ደስ አለኝ። አልነገርኳትም። ካልተጠየቅሁ መናገር አልወድም፣ አፍራለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የማዳም ፊት ጠቆረ። "ኩላሊቱ ሞቶ ነው የሚመጣልኝ!" እያለች በስልክ ትጮኻለች። ጥፋቱን ሙሄዲን ላይ ጣለችው። ሌሊት ተነሥቶ ሱሑሩን በልቶ ጠዋት መኪና ውስጥ ይተኛል፣ ኩላሊቱ ፀሐይ ይመታዋል፣ አለች።

"ወላሂ ማዳም፣ ሲታረድ ቆሜ አይቼ ነው የምቀበለው። እጄ ላይ ይሞቃል።"

"ከዛብ!" አለችው። ውሸታም ማለቷ ነው። ጾመኛን ሰው ፊት ለፊት። "ኢቃማህ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። አላድስልህም። ኹሩጅ ትወጣለህ፣ ኸላስ።" ኹሩጅ ላይመለሱ ከአገሩ መውጫ ነው።

ሙሄዲን ወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

"ወለቴ፣ ምናልባት የሚተኛው በጉ ይሆናል" አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ጀመረና ተወው። "በየመን ሦስተኛ አልሄድም። እግሬ እንቢ ይላል። ከሚሴ ገብቼ ለሙህሲና ምን ልበላት? አባትሽን ኩላሊት አባረረው ልበላት?"

እስከዚህ ድረስ እኔ ምንም አላወቅሁም ነበር። ይህን እመኑኝ።

ያወቅሁት ቅዳሜ ዕለት ነው። ማዳም ከኾበር በጊዜ ተመልሳ ወጥ ቤት ገባች። የሚሰማት ሰው ፈልጋ መሰለኝ፣ ምን እንደምትፈልግ ታስረዳኝ ጀመር። እንደገባኝ ልጻፈው፣ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሥጋ ሁሉ ዓይን በማያያቸው ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው አለች። የእያንዳንዱ ክፍል ቆዳ ላይ እንደ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ያለ ነገር ተሰክቷል። ሦስት የሶዲየም ቅንጣት ወደ ውጭ ይጥላል፣ ሁለት የፖታሲየም ቅንጣት ወደ ውስጥ ያስገባል። ኩላሊት ላይ በብዛት አለ። ግን ያለ ቀለብ አይሠራም። ቀለቡ ኤቲፒ ይባላል። ፓምፑ ላይ ለኤቲፒ ልክ የሆነ ጎድጓዳ መቀመጫ አለ። ኤቲፒ እዚያ ሲቀመጥ ከሦስት ጭራዎቹ አንዷ ተቆርጣ ፓምፑ ላይ ትጣበቃለች። ያኔ ፓምፑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወደ ውስጥ የነበረው አፉ ወደ ውጭ ይዞራል፣ የያዘውን ይጥላል። ከዚያ ጭራዋን ለቅቆ ይመለሳል። ማዳም የምትለካው ያቺን የተለቀቀች ጭራ ነው።

"ስንጾምም ይሠራል?" አልኳት።

"ስትጾሚም! ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሩብ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው።"

ቀፈፈኝ። እኔ አፌን ዘግቼ በውስጤ ሳላዘው የሚበላ፣ የሚተፋ፣ አፉን የሚያዞር ነገር ሞልቶ ኖሯል። ክንዴን አየሁት፣ ያኔ የእኔ አልመሰለኝም።

"ታዲያ በምን ይሞታል?"

"በሙቀት። ወይም ኮምጣጣ ነገር ሲነካው። ቅርጹ ይፈርሳል። ኤቲፒ መቀመጫ ያጣል።"

ኮምጣጣ። የዚያን ቀን ጠዋት የጨመቅሁት ሎሚ ልጣጭ አጠገቧ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነበር። እሷ አላየችውም። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ሎሚውን ብተው ነገሩ በራሱ ይስተካከላል ብዬ አሰብኩ። እሑድ ሳላጥብ ላክሁ። ሰኞም እንዲሁ። አፍንጫዬን በሻርፔ አስሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ላጥሁት። ማክሰኞ ማታ ማዳም እየሳቀች ገባች።

"አየሽ ወርዳ? ኹሩጅ ስለው ነቃ! ኩላሊቱ ሠራ። ውሸታም መሆኑን አላልኩሽም?"

"አሁን ታድሽለታለሽ?"

"ውሸታም ቤቴ አላኖርም።"

የእኔ ዝምታ እሱን ውሸታም አድርጎ አረፈ። ያን ሌሊት ኩላሊቱን ሳይሆን ራሴን ነው የተጸየፍኩት። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። በማግሥቱ ጠዋት ማዳም ፊት ቆምኩ።

"ማዳም፣ ሎሚ" አልኩ።

"ምን ሎሚ?"

ነገርኳት። አረብኛው ጠፍቶብኝ በእጄም ጭምር እያሳየሁ ነገርኳት። አላመነችኝም።

"ያገርሽ ሰው ስለሆነ ነው። ልታድኚው ነው።"

"አይደለም፣ በማርያም!" አልኩ በአማርኛ።

እየተቆጣች ሁለት ኩላሊት አስቀመጠችልኝ። አንዱን እንደማጥበው እጠቢ፣ አንዱን ተይው አለች። እላዬ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሦስታችንም ወደ ኾበር ሄድን።

ላቦራቶሪው ውስጥ ጥግ ላይ አስቀመጠችኝ። ኩላሊቶቹን እንደ ሕፃን ምግብ ፈጨቻቸው። አረፋው ሐምራዊ ነበር፣ ፊቴን አዞርኩ። ስታሽከረክር፣ ስታቀላቅል ከሰዓት ሆነ። በመጨረሻ በሁለት ብልቃጥ መድኃኒት ጨመረች። ጭራዋ ተቆርጣ ከወጣች ሰማያዊ ይሆናል ብላኛለች። ያልታጠበው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። ሎሚ የነካው እንደ ውሃ ነጭ ብሎ ቀረ።

ማዳም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። "ያ ረብ" አለችና ደብተሯ ላይ ጻፈች። አልተቆጣችኝም። መኪናው ጋ ስንደርስ ለሙሄዲን የምትለው ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ስልኳን አወጣች። አንዲት ቃል የለም። ስንት ቀን ከዛብ ያለችው ሰው ማጅራቱ ፊቷ ነው። እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም።

"ሙሄ፣ እኔ ነኝ" አልኩት ከኋላ በአማርኛ። "ኩላሊቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። በሎሚ አጥቤው ነው። አሁን አይታለች፣ አምናለች።"

"በሎሚ?"

"በሎሚ።"

"በጨውም?"

"በጨውም።"

"ሱብሃነላህ! በርበሬ ብቻ ነው የቀረሽ!" አለ። ግን አልሳቀም። ትንሽ ነዳ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ቅዳሜ።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው።"

ሻርፔን አስተካከልኩ።

"ሳታውቂ ያጠብሽውን አፉ ብያለሁ፣ ወለቴ። አውቀሽ ዝም ያልሽውን ግን…" አልጨረሰውም።

"ምን እያላችሁ ነው?" አለች ማዳም።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ማዳም" አላት፣ ምንም ችግር የለም ብሎ።

ከኢድ ሁለት ቀን በፊት ኢቃማው ታደሰ። ማዳም ለእሱ አልነገረችውም፣ በስልኩ መልእክት ነው የደረሰው። እኔ ኩላሊት እየላጥኩ ነበር፣ ሳላጥብ፣ በዚያ ሽታ ውስጥ። ሣጥኑን አስቀምጦ ቶሎ መሄድ ከጀመረ ሰንብቷል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመ። እጄ ደም በደም ስለነበር ስልኩን እሱው ፊቴ ድረስ አምጥቶ ያዘልኝ። አረብኛ ማንበብ አልችልም፣ እሱም አይችልም። ቁጥሩን ግን ሁለታችንም አወቅነው፤ ማብቂያው የሚቀጥለው ዓመት ነው።

"እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት።

"አሚን" አለኝና መኪናውን ሊያስነሳ ሄደ።