ባትሪው ሲጮህ

ከእንፋሎት ሃይድሮጅን አወጣለሁ ስል የአቃቂ ጎረቤቶቻችን ይስቁብኝ ነበር። «ከውሃ ጋዝ? በይ እንጂ!» ይሉኛል። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ጡረታ የወጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ቦታ የለም ሲለኝ ሰርቪስ ቤታችንን አስለቅቆ ምድጃዬን አስገባልኝ።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ስስ የሴራሚክ ሳህን እስከ ስምንት መቶ ዲግሪ ድረስ ይግላል፤ በኒኬል በተቀባው ወገኑ እንፋሎት ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ሃይድሮጅኑን ከኦክስጅኑ ይለያል። ጣጣው ሌላ ነው። ሳህኑ ቀስ ብሎ ካልጋለና ቀስ ብሎ ካልበረደ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ ሳህኖች ሁሉ እንደዚያ አልቀው አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እሱ ሳይሰነጠቅ አንድ ሳምንት ሠርቶ ከጨረሰ ምርምሩ ይቀጥላል፣ ካልጨረሰ ይዘጋል። አለቃዬ ፊት ለፊት ነግሮኛል። መብራት ቢሄድ ምድጃውን እንደጋለ የሚያቆይ ትልቅ ባትሪ ገጠምኩ፤ ሥራውን ሲረከብ ይጮሃል።

አንድ ቀን ጠዋት የተጣራ ውሃ ላመጣ ሳሪስ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ከሰዓት በኋላ ስመለስ አባቴ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ፊቱ በርቷል።

«መብራት ሄዶ ነበር። አይዞሽ፣ ሁሉንም ነቅያለሁ» አለኝ።

«ሁሉንም?»

«ባትሪውንም ጭምር! ሲጮህ ብትሰሚው! መብራቱ ሲመለስ እንዳያቃጥልብሽ ሮጬ ደረስኩ።»

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ይነቀላል። ኃይሉ ድንገት ሲመለስ የስንቱን ቤት ዕቃ ፈጅቷል! ታዲያ ማን ይፈርድበታል?

«ደረስኩልሽ አይደል?»

«ደረስክልኝ አባዬ።»

ምድጃው ሲበርድ ከፈትኩት። ኒኬሉን ከዝገት የሚጠብቀው ጋዝ ቆሞ አየር ገብቷል፤ ኒኬሉ ዝጎ አብጦ ሳህኑን መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። አላለቀስኩም። ልናደድ ብል ንዴቱም እምቢ አለኝ። አባቴ ምሳ አቀረበ፣ በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

ምርምሩ ተዘጋ። አሁን ቢሮ ተቀምጬ የሰው ሪፖርት አርማለሁ። ምድጃውን መኪና መጥቶ ሲወስደው አባቴ ሥራዬ አድጎ መስሎት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አስጨበጨበ። እኔም ቆሜ አየሁ።

ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ ጋዙ ወጣ?» ይለኛል።

«ወጣ» እለዋለሁ።