ገበያው የወረደበት ሰኞ

ሮም ውስጥ ባዳንቴ ሆኜ፣ አዛውንት ለመጦር ማለት ነው፣ የገባሁበት ሁለተኛው ቤት የአንድ ጡረተኛ ነበር። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ያለቻቸው ሴት ልጅ ሚላኖ ትኖራለች። እሳቸው በወጣትነታቸው ፒያሳ ዲ ፒየትራ በሚገኘው የሮም አክሲዮን ገበያ፣ ከጥንቱ ቤተ መቅደስ ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች ጀርባ ቆመው፣ ዋጋ እየጮኹ ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገብቶ አዳራሹ ከተዘጋ ቆይቷል። ሆኖም ጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ካልተቀመጡ የነጋ አይመስላቸውም።

በገባሁ ሰሞን "ቦርሳ ዛሬ እንዴት ነው?" ሲሉኝ የእጅ ቦርሳቸውን ፈልጌ አመጣሁላቸው። ጣልያኖች የአክሲዮን ገበያውንም ቦርሳ እንደሚሉት አላውቅም ነበር። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ያስተምሩኝ ጀመር።

ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠው ቁጥር ኢንዲቼ ይባላል። የአገሪቱን አርባ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ባንድ ላይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። እኔ አርባዎቹ እኩል የሚቆጠሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሕንፃችንን የነዋሪዎች ስብሰባ አስታወሱኝ። እዚያ ሰፊ ቤት ያለው ሰው ድምፁ ይከብዳል፤ የጠባቧ ቤት ባለቤት ምን ቢቆጣ ብዙም አይሰማም። ኢንዲቼውም እንደዚያው ነው፤ ለገበያ የቀረበው አክሲዮኑ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ኩባንያ ይከብዳል። መንግሥት ወይም የመሥራቹ ቤተሰብ አልሸጥም ብሎ የያዘው ድርሻ አይገባበትም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ትልልቅ ባንኮች ከተንሸራተቱ፣ የቀሩት ደህና ቢውሉም ቁጥሩ ይወርዳል። በየሦስት ወሩ ደግሞ ዝርዝሩ ይፈተሻል፤ ያነሰው ይወጣል፣ ያደገው ይገባል።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ገና ሲከፈት ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ። ደንግጬ ጠራኋቸው። እሳቸው ቀስ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ የሚቆርጡበት ቀን መሆኑን ነገሩኝ። የሚከፈለው ከአክሲዮኑ ዋጋ ላይ ስለሚቀነስ ቁጥሩ ዝቅ ይላል እንጂ የጠፋ ነገር የለም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው አሉኝ።

በዓመቱ ያው ሰኞ ሲመጣ ወጥ ቤት ነበርኩ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁና ሮጥኩ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው የሸሚዛቸውን አንገት ይቆልፋሉ።

"ኮቴን አምጪልኝ። ሳይዘጉ ደርሼ ልሽጥ" አሉኝ።

የት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው ፒያሳ ዲ ፒየትራ አሉ። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም።

"ሲኞሬ፣ ዛሬ እኮ የትርፍ ድርሻ የሚቆረጥበት ሰኞ ነው።"

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

ደረጃ ላይ ድንገት ያገኙትን የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። በሩን ብቆልፍባቸው ራሳቸውን ይጎዳሉ ብዬ ፈራሁ። ከረባታቸውን አሰርኩላቸውና ክንዳቸውን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ የኩባንያ ስሞች ሲያጉተመትሙ ነበር፤ ብዙዎቹን ሰምቻቸው አላውቅም። አደባባዩ ደርሰን ስንወርድ ቱሪስቶች ዓምዶቹን ፎቶ ያነሳሉ። እሳቸው በመሀላቸው አልፈው በሩን አንኳኩ። የሚከፍት ሲያጡ ደግመው አንኳኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"ሰዎቹ የት ሄዱ?" አሉኝ።

ዛሬ የማይሠሩ መሰለኝ፣ እንመለስ አልኳቸው። እንደ ልጅ ተከተሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ነው። የሕንፃችንን በር ጠባቂ ሴትዮ አብራቸው እንድትቀመጥ ለምኜ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ምግብ ቤት ወደምትሠራው ጓደኛዬ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት ዝም እንድል መከረችኝ። ልጅየዋ ከሰማች አባቷን ትወስዳቸዋለች፤ ያኔ የሥራ ኮንትራቶዬም ማደሪያዬም አብረው ይሄዳሉ።

"ፔርሜሶሽን በምን ታሳድሻለሽ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያንን የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ያየሁትን መከራ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ግን የጋዙን ቁልፍ ስደብቅ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ስባንን ነበር። አሁንስ ወጥተው ቢሄዱ? ያቀረበችልኝን ምግብ ትቼ ወጣሁ፤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ለልጃቸው ደወልኩላት።

የአዳራሹን በር እንዳንኳኩ ነገርኳት።

"ስለ ገበያው ሲያወራኝ እኔ አእምሮው ደህና ነው እያልኩ እጽናና ነበር" አለችኝ።

ቅዳሜ በባቡር መጣች። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። በመከር ሚላኖ፣ ቤቷ አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን ማረፊያ እንዲገቡ ተወሰነ። እስከዚያው እንዳይረበሹ የገበያውን ጣቢያ እንዳልከፍት አስጠነቀቀችኝ። እኔም ዘጋሁት። ጠዋት ጠዋት ግን ተላጭተው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ ምን እንደጎደለባቸው ሳያውቁ ከክፍል ክፍል መዞር ጀመሩ። አንጀቴ አልቻለም፤ ለልጅየዋ ነግሬ ድምፁን አጥፍቼ መልሼ ከፈትኩላቸው። ተቀምጠው ይመለከታሉ። ቁጥሩ ወርዶ ሲቀላ ወደ እኔ ዞረው ክፉ ነገር ይሆን እንዴ ብለው ይጠይቁኛል። አይደለም እላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን በእርግጥም ክፉ ነበር፤ የዚያን ቀንም አይደለም ነው የምላቸው።

ሲሄዱ ሻንጣቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልጅየዋ ደግ ሰው ናት፤ ሌላ ቤት እስካገኝ ድረስ ከሥራ አላሰናበተችኝም፤ ጥሩ ምስክርነትም ጻፈችልኝ። አሁን የምሠራው አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ዘንድ ነው። ለፔርሜሶዬ እድሳት አመልክቼ መልሱን እየጠበቅሁ ነው፤ እስከዚያው በፈቃዱ ምትክ የሚያገለግለውን፣ ፖስታ ቤት የሰጠኝን ደረሰኝ ይዤ እዞራለሁ።

በቅርቡ ልጃቸው ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም። ድሮም ጨዋ ነበሩና በትሕትና ሰላም አሉኝ፤ የት እንደምኖር ጠየቁኝ። ሮም ነው አልኳቸው።

"ቆንጆ ከተማ ናት" አሉኝ። "አንድ ቀን ሄጄ ማየት አለብኝ።"