አባዬ ያልሸጠው ጎመን

ትናንት ልጄ ቁንጫ በዛ ብላ ምንጣፉ ላይ ነጭ የቁንጫ መርዝ ዱቄት ስትነሰንስ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ትንንሾቹን ልጆች ወደ ውጭ አስወጥቼ፣ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ካስታጠብኳት በኋላ እኔው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

"እማዬ፣ አታካብጂ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ የአባዬ የጎመን መደብ ነበረ። ጠዋት ጠዋት የእንጦጦ ጉም ወርዶ ጎመኑን ሲሸፍነው አባዬ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታየኛል፤ በደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። የላም ፍግ፣ አመድና የረገፈ ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ አሰንብቶ፣ ሲበሰብስ በመዳፉ ዘግኖ እያሸተተ "አሁን ደርሷል" ይላል፣ ልክ እንደ ጠላ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ "እናንተ ቤት የሚመጣ ሰው መንገድ አይጠይቅም፤ አፍንጫው ያደርሰዋል" እያለች ብትቀልድም፣ ከእሱ ሌላ ከማንም ጎመን አትገዛም ነበር።

ዝናቡ ቀድሞ ባቆመበት ዓመት ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ መደቡን ወረረው። የእኔ ዩኒፎርምና ደብተር የሚገዛው በዚያ ጎመን ነበር፤ አራተኛ ክፍል ልገባ ነው። አባዬ አመድና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በውኃ በጥብጦ ቀስ እያለ ይረጫል፤ እኔ ግን መስከረም የደረሰብኝ መሰለኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያኔም ቤታችን የማይጠፋውን የቁንጫ ዱቄት ከአልጋ ሥር አውጥቼ ጎመኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነሰነስኩት። ቁንጫን የገደለ ክሽክሽን ያቅተዋል እንዴ ብዬ።

አባዬ ተመልሶ አንድ ቅጠል ቀጠፈና አሸተተ። አየኝ፤ አልመታኝም። ከዚያ መደቡን በሙሉ ነቅሎ ቀበረው።

በማግስቱ እትዬ የሺ ዘንቢሏን ይዛ መጥታ የሆነውን ስትሰማ ጮኸች። "ጋሼ ተክሌ፣ ታጥቦ ይበላ ነበር እኮ! የልጅቷስ ትምህርት?"

"ለልጄ የማላበላውን ለልጆችሽ አልሸጥም" አላት አባዬ። ማን እንደነሰነሰው ግን አልነገራትም።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ከዚያም ወንድሜ ተወለደና እሱን ሳዝል ትምህርቴ በዚያው ቀረ። አባዬን አንድም ቀን አልተቀየምኩትም ብል እዋሻለሁ።

መደቡ ያለበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ልጆቼ ከእኔ አልፈው ብዙ ተምረዋል፣ ተመስገን። እኔ ግን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሻጮቹ ሁሉ "ማር ነው እናቴ፣ ውሰጂ!" ሲሉኝ ፊታቸውን አያለሁ፤ "ይሄን እንኳ ተይው፣ ለልጆች አይሆንም" የሚለኝ አንድ ሰው እየጠበቅሁ።