የባሌ ልብና የልጄ በጎች

ልጄ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያቆመች ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቴን የሰማኝ መስሎኝ ነበር። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ውስጥ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኛ፣ ሮተርዳም አጠገብ ወዳለችው ካፔለ አን ደን አይሰል ስትመጣ ምስርና ጎመን ብቻ መብላት ጀመረች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቃት? ሆላንድ ተወልዳ፣ አባቷን «አንተ» እያለች ያደገች ልጅ ማንም ሳይለምናት ጾም ያዘች ብዬ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። የንስሐ አባታችን እንኳ እሷን እየጠቀሱ ሌሎቹን ወጣቶች ገሠጹ።

ፋሲካ ደረሰና ዶሮውን ሳቀርብላት ሳህኗን በእጇ ከደነችው። ጾሙ ተፈታ እኮ አልኳት። በሳምንቱም ያው ናት። በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ ሽሮ በዘይት። ከመነኮሳት በላይ ልትሆንብኝ ነው ብዬ ተጨንቄ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። «ቬጋኒስት ነኝ» አለች፤ ለእንስሳት አዝና እንጂ ለነፍሷ ብላ አይደለም ለካ። ይባስ ብላ ፓርላማው ወዳለበት ወደ ዴን ሃግ እየሄደች፣ መድኃኒት በአይጥና በጥንቸል ላይ መሞከሩ ይቅር የሚል ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬዬን ልመልሰው አልቻልኩም። እውነቱን ለንስሐ አባታችን እስክነግራቸው ድረስ እሑድ እሑድ ከኋላ እየቆምኩ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ቀድሜ እወጣ ነበር።

ባሌ ግን ጨዋታ አገኘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ ይተርባታል። አንድ ቀን ጓዳችን ውስጥ አይጥ ታየችና ደውሎ፣ ዘመድሽ መጥታለች፣ ምን ላቅርብላት ብሎ ጠየቃት። ሌላ ጊዜ ስቃ ታልፈው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መረራት። አይጧን ፈቃዷን የጠየቃት የለም፣ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የምትሉት ይኸው አይደል ወይ አለችው። ተረቱን ከየት እንደለቀመችው እንጃ። ብናደድባትም በአማርኛዋ ኮራሁ።

በመኸሩ ባሌ ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ መቆም አመጣ። የጫማውን ክር የሚያስር ያስመስላል፤ ጫማው ክር የለውም። ሮተርዳም ሆስፒታል ሲመረመር ከልቡ የደም መተላለፊያ በሮች አንዱ ጠቧል ተባለ፤ በቶሎ ካልተቀየረ ልቡ ተስፋ የለውም። ለእሱ ዕድሜ የሚሻለው ከላም ልብ ሽፋን የሚሠራው ነው አሉት ሐኪሟ። የብረትም አለ፣ እሱ ግን ዕድሜ ልክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስውጣል። ባሌ የትኛው ነው እንስሳ ያልነካው ብሎ ጠየቃቸው። ሁለቱም ሰው ላይ ከመዋላቸው በፊት በበግ ላይ ተሞክረዋል አሉት፣ ሳይደብቁ።

ቤት ስንገባ አላደርገውም አለ። ሃይማኖት አስቸግሮት መስሎኝ ንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድኩት፤ እሳቸውም፣ ሥጋዋን ስትቆርጥ ከርመህ ዛሬ ልቧን ፈራህ ወይ ብለው ሳቁበት። እሱ ለካ የሚያነሳው ልጁን ነው። ልጄ ብርድ ላይ ቆማ የምትቃወመውን ነገር ደረቴ ውስጥ ይዤ እንዴት ከእሷ ጋር ማዕድ እቀርባለሁ ይላል። ነገሩ ያምራል። ግን ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ደም ሲቀዳ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። አንተ የፈራኸው ቢላውን ነው አልኩት፤ አኮረፈ። እኔም አኮረፍኩ፣ ሌሊቱን ግን ትንፋሹን ሳዳምጥ አነጋሁ። እንዳይሞትብኝ ነበር የፈራሁት፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ቅዳሜ ልጃችን መጣች። ገና ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ባሌ ነገሩን ዘረገፈላት።

«ለቀዶ ሕክምናው ግባ ካልሽኝ እገባለሁ፣ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ። ፍርዱ ያንቺ ነው።»

ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም ይጫናል? አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ።

«ፓፓ፣ በእኔ አታሳብብ። ፈርተሃል። መፍራት ትችላለህ እኮ።»

ባሌ እንጀራውን እየቆራረሰ አዎ፣ ፈርቻለሁ አለ። ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ግን አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ መልሶ ጠየቃት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ለአንተ ከሆነ የሆላንድን በግ ሁሉ እሰጣቸዋለሁ። ሳላስብ ነው የምሰጠው። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሰልፉን ደግሞ አልተውም።»

ልክ ነሽ ልላት አልቻልኩም፣ ተሳስተሻል ልላትም አልቻልኩም። ብቻ ይህቺን ልጅ ማን አሳደጋት ብዬ ገረመኝ። ባሌ እንባዋን የምትጠርግበት ሶፍት አቀበላትና ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰኞ ሐኪሟ ጋ ስትደውዪ እሺ ብሏል በያቸው አለኝ።