የነጩ ክኒን ስም

በዚህ ዓመት ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በደብረ ታቦር አንድ መድኃኒት ሻጭ የደም ግፊት ላለባት እናቴ ከማሸጊያቸው የተፈለቀቁ ሦስት ዓይነት ክኒኖች ሸጠላት። ስለ ግፊቷ አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም፤ በእኛ አገር ያደገች ሴት ሕመሟን በባዕድ ፊት አትዘረዝርም፣ ገመና ነውና። ጠያቂ ባለሙያ ያስፈለገውም ለዚሁ ነበር።

እናቴ የጠየቀችው «የጉንፋን ቅልቅል» ነው። በዙሪያችን ከሐሙሲት እስከ ገሳይ ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ክኒኑ በትንሽ ላስቲክ ይቋጠርለታል፤ ስሙና የሚያበቃበት ቀን እሻጩ ዘንድ ይቀራሉ። እቤት ስትደርስ ራሷን ስለፈለጣት ቀድሞ የነበራትን ፓራሲታሞል ደረበችበት፤ አንዱ ለጉንፋኑ፣ ሌላው ለራስ ምታቱ መሆኑ ነው። ቅልቅሉ ራሱ ፓራሲታሞል ይኑርበት አይኑርበት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

በማግስቱ ልቧ እየደለቀ፣ የቀኝ ዓይኗ እየተጭበረበረባት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ግፊቷ አሻቅቧል። ሐኪሙ ምን እንደዋጠች ሲጠይቋት ላስቲኩን ፈትታ የተረፈውን መዳፋቸው ላይ ዘረገፈችው። ቢጫውንና ቀዩን በግምት ለዩ፤ ነጩን አገላብጠው አዩና ተዉት። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ከሆነ ግፊት ላለበት ሰው እንደማይሰጥ፣ ፓራሲታሞል ከሆነ ደግሞ እቤት ከደረበችው ጋር ተጨምሮ ጉበቷን ሊጎዳ እንደሚችል ነገሩኝ።

«ስሙን አምጪልኝ» አሉ።

ሻጩ ራሱ ጉንፋን ይዞት አገኘሁት። አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል፤ በዚያው እጁ ላስቲክ ያነሳል፤ አፉን ለጥፎ እፍ እያለ ይከፍተዋል፤ ክኒን ይጨምርበታል። የነጩን ማሸጊያ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ተጥሏል አለኝ። ስሙንስ?

«ያው የጉንፋን ነው፣ እትዬ። እኔም እሱኑ እየዋጥሁ ነው፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እየሳቁም እሱ የነፋበትን ላስቲክ ተቀበሉ። ውጭ ወጥቼ ቱቦው አጠገብ ምራቄን ተፋሁ።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ለእሱ ተቆረቆረች። «ልጁን አታዋርጅብኝ፤ ‹እማማ› እያለ ነው የሸኘኝ» አለችኝ። ትሕትናውን ከመድኃኒቱ ጋር አብራ ውጣዋለች።

ግፊቷ ወረደ፤ ጉበቷም ተመርምሮ ደኅና ሆነ። የቀኝ ዓይኗ ብርሃን ግን አልተመለሰም። ዛሬ ስንዴ ስትለቅም፣ በአንድ ዓይኗ ስለማትተማመን፣ እንክርዳዱን የምትለየው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ሐኪሙ የዋጠችውን ስላላወቁ የዓይኗን ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም፤ ዳግመኛ ጉንፋን ሲይዛት ከየትኛው መድኃኒት እንደምጠብቃትም ሊነግሩኝ አልቻሉም።

አንተ መድኃኒት ሻጭ፣ ይቅርታህን አልጠየቅሁም። ለእናቴ የሰጠሃት ነጭ ክኒን ስሙ ማን ነው? በአንዱ ፍሬ ውስጥስ ምን፣ ስንት ሚሊግራም አለ?